የመኪና ባትሪ እንደ ስልክ ባትሪ አይደለም

«የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እንደ ስልክ በሦስት በአራት ዓመት ይደክማል፤ ስለዚህ ሕዝቡ እስኪቀበለው ገና ሃያ ዓመት ይፈጃል» ላሉት ትንሽ እርማት አለኝ። ይሄ ወሬ በጣም ተለምዷል፤ ግን ልክ አይደለም።

የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ። ስልክ ይሄ የለውም። መኪናው በተጨማሪ ባትሪው ጥግ ድረስ እንዳይሞላ ወይም ሙጥጥ ብሎ እንዳያልቅ የተወሰነ አቅም በመጠባበቂያ ያስቀራል። ብዙ አምራቾች የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግናሉ ወይም ይቀይራሉ። ባትሪው በአራት ዓመት የሚሞት ቢሆን ይሄን ዋስትና ማን ይደፍር ነበር?

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ኒሳን ሊፍ የተባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ስላልነበራቸው በሞቃት አካባቢ ቶሎ ደክመዋል። ስማቸው ለሁሉም ተረፈ።

ሃያ ዓመቱስ? ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡ 10 አዳዲስ መኪኖች 9ኙ ገደማ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። በዓለም ደረጃ፣ በሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪዶችን (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱትን) ጨምሮ፣ በዚያው ዓመት ከ5 አዳዲስ መኪኖች 1 ያህል ደርሶ ነበር። በእርግጥ ይሄ የአዲስ መኪና ሽያጭ ነው። መንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚያገለግሉ ቶሎ አይለቁም። ለመዘግየቱ ምክንያት ከፈለጉ፣ እኔ ከባትሪው ዕድሜ ይልቅ የመግዣውን ዋጋና የቻርጅ ቦታ እጥረትን አስቀድማለሁ።