ወይ ሩጥ፣ ወይ ሂድ

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ሚኒባስ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ላይ ደረሰ። ወጣቱ አይሮጥም፤ እንደ እኛም አይራመድም። ክርኑን አጥፎ፣ ዳሌውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በአስፋልቱ ዳር ይገሰግሳል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ወንድሜ፣ ወይ ሩጥ፣ ወይ ሂድ!» አለው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ያ ሳቅ በኋላ ቆጨኝ። ወጣቱ የሚለማመደው እርምጃ የሚባለውን፣ ሳይሮጡ በፍጥነት እየሄዱ የሚወዳደሩበትን የአትሌቲክስ ስፖርት ነበር። የፓሪስ ኦሊምፒክ የአትሌቲክስ ውድድር የተከፈተው በወንዶች 20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ነበር፤ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.። ነጎድጓዱና ዝናቡ ጅማሬውን በግማሽ ሰዓት አዘገየው። የኢኳዶሩ ብሪያን ፒንታዶ በ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈ፤ የእኛው ምስጋና ዋቁማ ስድስተኛ ወጣ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱም እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሰዋል። እስቲ በሩጫ ሞክሩት፤ ያውም ሃያ ጊዜ አከታትላችሁ።

ስለ ታምራት ቶላ የማራቶን ወርቅ ያላወራ የለም፤ ይገባዋል። ስለ ስድስተኛው ግን በሰፈሬ አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልገጠመኝም። እኛ በ10 ሺህ ሜትር ብር ሲመጣ «ወርቁ የት ሄደ?» ብለን የምንጣላ ሰዎች ስለሆንን ስድስተኛነት ዜና አይመስለንም። ዱካ ባልነበረበት መንገድ ስድስተኛ መውጣት ግን በተደላደለው መንገድ ሁለተኛ ከመውጣት ያንሳል የሚለኝ ካለ አልስማማም።

የውድድሩ ሕግ ሁለት ነው። በዓይን ሲታይ አንዱ እግር ምንጊዜም መሬት መንካት አለበት። ወደ ፊት የተዘረጋውም እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰውነት በላዩ ቀጥ እስኪል ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። የምንስቅበት የዳሌ ውዝዋዜ የመጣው ከዚህ ነው፤ ጉልበት ካልታጠፈ እርምጃን የሚያስረዝመው የዳሌ መዞር ነውና። ዳኞቹ የሚፈርዱት በመሣሪያ ሳይሆን በዓይናቸው ነው። ከሦስት ዳኞች ቀይ ካርድ የቀረበበት ተወዳዳሪ 2 ደቂቃ በቅጣት ስፍራ ይቆማል፤ አራተኛው ከመጣ ይባረራል። ቀድሞ የሚያባርረው ሦስተኛው ነበር።

ጭካኔውን ለማየት የ2000 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ኦሊምፒክ ይበቃል። የሜክሲኮው በርናርዶ ሴጉራ 20 ኪሎ ሜትሩን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ፣ ከአገሩ ፕሬዚዳንት ጋር በስልክ እየተነጋገረ ሳለ መባረሩ ተነገረው። ወርቁ ለፖላንዱ ሮበርት ኮርዜኒዮቭስኪ ሆነ። በሴቶቹ ውድድር ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ጄን ሳቪል እየመራች፣ የአገሯ ሕዝብ ወደሚጠብቅባት ስታዲየም ልትገባ ስትል ተባረረች። ሁለቱም ትንፋሽ አላጠራቸውም።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ስለ አትሌት ስናስብ የምናስበው ትንፋሽ ነው። ከፍታ አለን፣ ብርድ አለን፣ እንጦጦ አለን እንላለን። ለሩጫ ያ ብዙ ነገር ነው። ለእርምጃ ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚያይ ዓይን ነው። ሯጭ ብቻውን ጫካ ገብቶ ቢለማመድ ሰዓቱ ይነግረዋል። የእርምጃ ተወዳዳሪ ብቻውን ሲለማመድ ጥፋቱንም አብሮ ይለማመዳል፤ ጉልበቱ በድካም ሰዓት መታጠፍ ሲጀምር ለባለቤቱ አይታወቀውም።

ኢኳዶርን ተመልከቱ። ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ ያመጣው ጄፈርሰን ፔሬዝ ነው፤ ያውም ወርቅ፣ በዚሁ በ20 ኪሎ ሜትር። ፔሬዝ የኩዌንካ ልጅ ነው፤ ፒንታዶም የኩዌንካ ልጅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ጥቂት ታልፋለች፤ በከፍታ ሱሉልታን አትበልጥም። የእኛ አየር ከእነርሱ አያንስም። እዚያ ግን አንዱ ሲያሸንፍ ከኋላው የሚያርም አሰልጣኝና የሚከተል ልጅ ነበር።

የምጠይቀው ስታዲየም አይደለም። በከተማው ዳርቻ፣ መኪና በማይበዛበት ቦታ፣ በትክክል የተለካ የአንድ ኪሎ ሜትር ዙር፤ በሳምንት አንድ ማለዳ ደግሞ ሕጉን የተማሩ ሁለት ሦስት ዳኞች ቆመው ካርድ የሚጽፉበት ልምምድ። ወጪው ከአንድ የሽልማት ግብዣ አይበልጥም። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋናው ርቀት ወደ ግማሽ ማራቶን ስለተለወጠ ሁሉም አገር ዝግጅቱን እንደገና እያሰናዳ ነው፤ ለዘገየ ሰው ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ያን ወጣት ከሳምንታት በኋላ በእግሬ ስሄድ አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ አፈርሁና ስለ ልምምዱ ጠየቅሁት። የሚያርመው ሰው እንደሌለ፣ ስልኩን በድንጋይ አስደግፎ ራሱን እየቀረጸ ማታ ጉልበቱን እንደሚመለከት ነገረኝ። አንዱን ቅጂ አሳየኝ። ስድስት ሰባት እርምጃ ይታያል፤ ከዚያ የአሸዋ መኪና በመሃል ያልፋል፤ አቧራው ሲገለጥ ልጁ ከስልኩ ዓይን ወጥቷል።