ፎር ባይ ፎር ኩርባ ላይ ከመንሸራተት አያድንም

ወንድሜ፣ «ፒክአፕህ ፎር ባይ ፎር ከሆነ ስታቢሊቲ ኮንትሮሉን (መኪናው ሲንሸራተት በራሱ የሚያቀናውን ሥርዓት) አጥፋው፤ ጉልበት ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም» ብለህ የጻፍከውን አየሁ። ብዙ ሾፌር እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው፤ ሕይወትም ያስከፍላል።

ፎር ባይ ፎር የሞተሩን ጉልበት ለ4ቱም ጎማ ያከፋፍላል። ከጭቃ ያወጣሃል፣ ዳገት ያስወጣሃል። መኪናው ኩርባ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ግን አይመልሰውም።

የስታቢሊቲ ኮንትሮል ሥራ ሌላ ነው። መሪውን ምን ያህል እንዳዞርክና መኪናው በእውነት ወዴት እየዞረ እንደሆነ ያነጻጽራል። ካልተስማሙ አንድ ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። ኋላው ወደ ውጭ ከሸሸ፣ በውጪ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ይይዝና መኪናውን ያቀናዋል። አንተ ይህን በእግርህ ልታደርገው አትችልም፤ የፍሬን ፔዳሉ አንድ ነው! ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ኋላው ቀላል ነው። ዝናብ ባረጠበው የአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይሸሻል። አሜሪካ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ስታቢሊቲ ኮንትሮል ፒክአፕን ጨምሮ በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ እንዲገጠም በሕግ አስገድዳለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነህ። ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ስትያዝ ትራክሽን ኮንትሮሉ (ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገታው ሥርዓት) የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንስ ማጥፋቱ ይረዳል። አስፋልት ስትወጣ መልሰህ አብራው። እየነዳህ ዳሽቦርዱ ላይ የስታቢሊቲ ኮንትሮሉ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ብልሽት አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው። ነዳጅ ቀንስ።