«ከ1998 ወዲህ መቼ መጣ?»

በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ቤት ስለ መሥራት በተነሣ ቁጥር፣ «ከ1998 ወዲህ እንደዚያ ያለ ጎርፍ መቼ መጣ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሙግት ብዙ ሰው የሚያሳምነው ውሸት ስለሌለበት ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ውሃ በዚያ መጠን አልተመለሰም። ጉድለቱ ከዚህ እውነት ተነሥቶ «ስለዚህ አይመጣም» ማለቱ ላይ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉን የሚያወርደውም በስተደቡብ ባሉት በደንገጎና በአካባቢው ከፍታዎች ላይ የሚጥለው ዝናብ በመሆኑ፣ የከተማዋን ሰማይ አንጋጦ የሚከራከር ሰው ማስረጃውን ከሌለበት ቦታ እየፈለገ ነው።

አርስቶትል ማሳመኛ መንገዶችን በተናጋሪው ታማኝነት፣ በአድማጩ ስሜትና በአመክንዮ ለይቷቸዋል። ስሜትን መቀስቀስ ምንጊዜም ማታለል ነው በሚለው አስተያየት አልስማማም። በዚያ ሌሊት ቤተሰቡን ያጣ አባት ሲናገር ተሰብሳቢው ቢያለቅስ ተገቢ ነው፤ ሐዘኑ የአደጋውን ክፋት ይመሰክራልና። እንዲህ ያለው ጎርፍ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚደርስ ግን ከእሱ አንጠይቅም፤ ለዚያ የሚያስፈልገን የዝናብና የውሃ ፍሰት መዝገብ ነው።

«አንተ የሳቢያን ሰው፣ ስለ ደቻቱ ምን አገባህ?» የሚለውን ማለፍ ይሻላል፤ የሰውየው ሰፈር የውሃውን መጠን አይለውጥም። ይበልጥ የሚጎዳው ያላለውን አስብሎ መርታት ነው። አንዱ «ከዳርቻው ራቅ ተብሎ ይሠራ» ሲል ሌላው «ድሃው ይፈናቀል እያለ ነው» ብሎ ይተረጉምለታል፤ ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ደግሞ (ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም) በሳቅ ያሸንፋል፣ የመጀመሪያው ሐሳብም ሳይመረመር ይቀራል።

«የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል» የሚለው መልስ ከነዚህ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ ለድምዳሜው ምክንያት ያቀርባል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ ከፍታ ስለሆነ፣ በግንቡ የሚከራከር ሰው ለምን ያህል ውሃ እንደታቀደ፣ ከዚያ ወዲህም ደለልና ቆሻሻ ተከማችቶ የወንዙን አልጋ አጥብቦት እንደሆነና እንዳልሆነ አብሮ ማስረዳት ይጠበቅበታል።