«ጀመረው ደግሞ!»

ትናንት እራት ላይ «ድሮ እኮ...» ከማለቴ ልጄ «ጀመረው ደግሞ!» አለ። እናቱም ሳቀች። እሷ ምን ያስቃታል? ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጥብስ ስንበላ አብራኝ አልነበረችም?

በገዛ ቤቴ አፌን ልዝጋ? የዋይፋዩን እየከፈልኩ? ቴሌቪዥን አንድ ቻናል ብቻ ነበረው ስል «ንጉሡን በአካል አይተሃቸዋል?» ይሉኛል። ኧረ ጎበዝ! በ1983 ደርግ ሲወድቅ እንኳ ገና ብይ የምጫወት ልጅ ነበርኩ!

የሚያበግነኝ ይሄ አይደለም። ይኸው ልጅ ማታ ቲክቶክ ከፍቶ የድሮ ፒያሳን ፎቶ እያየ ሆዱ ይባባል። በክራር የታጀበ! የማያውቀው ሰው ስለ ሰፈሬ ሲቀባጥር ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የተሰበረ ልብ ለጥፎ ነበር። እዚያ ያደገው ሰውዬ እኮ አጠገቡ ሶፋ ላይ ተጎልቷል! በሕይወት! እስክፈርስ ነው የሚጠብቀው?

እህቱ ደግሞ ባሰች። የጂንስ ጃኬቴን ከቁም ሳጥን መንትፋ፣ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላ «ቪንቴጅ ነው» እያለች አራት ኪሎን ትዞርበታለች። ግራ ኪሱ ለምን እንደተቀደደ ልንገራት ብል፦

«አባዬ፣ በኋላ። ቢዚ ነኝ።»