ማስተካከያ፦ ኒውተን ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት አልተወለደም

ትናንት ስለ ጃንዋሪ 8 በለጠፍኩት ጽሑፍ «ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ሁለት የቀን አቆጣጠሮችን ቀላቅያለሁ።

ጋሊሊዮ ያረፈው ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ በግሪጎሪያን፣ ማለትም ዛሬ አብዛኛው ዓለም በሚጠቀምበት አቆጣጠር ነው፤ ጣሊያን ቀድማ ቀይራለች። የኒውተን ልደት የሚባለው ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ግን በጁሊያን፣ ማለትም በቀድሞው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ የሙጥኝ ብላ ነበር። የዚያን ዘመን የ10 ቀን ልዩነት ስንጨምርበት ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ላይ ያርፋል። ከሕይወት ታሪክ መጻሕፍትና ከቀን መለወጫ ሰንጠረዥ አመሳክሬዋለሁ።

የገና ልጅነቱ አልቀረበትም፤ እናቱ አገር ያን ቀን ገና ነበር። በጽሑፉ ስለ ፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ያልኩትም አልተነካም፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 1942፣ ጋሊሊዮ ከሞተ ልክ በ300 ዓመቱ ተወልዷል። ጽሑፉን ያጋራችሁ የኒውተኗን መስመር አውጡልኝ፤ እኔም አውጥቻታለሁ።