ቦልት ነው ያላችሁኝ?

ወገን፣ እንግሊዝኛን ብዙ ታግሼዋለሁ። ዛሬ ግን በቃኝ። "ቦልት" የምትባለው ቃል ልታሳብደኝ ነው።

አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ ቦልት ማለት ብሎን ነበር። ዳዶ ታስገባለህ፣ ታጠብቃለህ፣ አለቀ።

ሜሪላንድ መጥቼ መጋዘን ተቀጠርኩ። አለቃዬ "ቦልት ዘ ባክ ዶር" ሲለኝ ብሎን ፍለጋ የመሣሪያውን ሳጥን ሳተራምስ ቆየሁ። ለካ በሩን ቀርቅረው ማለቱ ነው። እሺ፣ ብሎንም መቀርቀሪያም ሥራቸው መያዝ ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ በሩን መዝጋት የአንድ የሥራ ባልደረባችን ተራ ነበር። ልወጣ ስል የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ "ሂ ቦልትድ" አለችኝ። ጎበዝ፣ ቀርቅሮ ጨርሷል ብዬ ቤቴ ገባሁ። ልጁ ለካ ሥራውን ጥሎ ፈርጥጧል! ላሽ! በሩ ወለል ብሎ አደረ። ጠዋት የተቆጡት ማንን ይመስላችኋል?

እስቲ ፍረዱኝ፤ መቀርቀርና መፈርጠጥ እንዴት አንድ ቃል ይሆናሉ?

ይኼ ሳያንስ በረንዳ ላይ የተከልኩትን ድንብላል ያየች ጎረቤቴ "ቦልት አድርጓል" አለችኝ። ድንብላልም ይፈረጥጣል እንዴ? አበባ አውጥቷል፣ ቅጠሉ ከእንግዲህ አይሆንም ማለቷ ነው። ባለቤቴ ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ ደግሞ ጣቃውም ቦልት ሆኖ ጠበቃት። መብረቁም ቦልት፣ ምግብ ሳያላምጡ መሰልቀጡም ቦልት። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትር በ9.58 ሰከንድ የሮጠው ዩሴይን ብቻ ነው ያላደናገረኝ። እሱስ የአባቱ ስም ነው።

ተናድጄ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ጥፋቱ የቀስት ነው። ቦልት ድሮ ጫፉ ከበድ ያለ አጭር ቀስት ነበር። ቅርጹ ለበሩ ተረፈ፣ አወራወሩ ለሯጩ።

ይኼን ለልጄ ሳማርር ስልኳን እያየች፣ "አባዬ፣ የበሩን መወርወሪያ ማን ወርውሮት ነው መወርወሪያ የተባለው?" አለችኝ። ሸማኔው ማግ አስይዞ በድሩ መሀል የሚወረውራትም መወርወሪያ ናት። መልስ አጣሁ። ወሬ ለማስቀየስ "ይልቅ ቁልፌን አምጪልኝ" አልኳት።

"የሸሚዝህን ነው የመኪናህን?"