ማስተካከያ፦ «ኩዌንታሜ ኮሞ ፓሶ» በፍራንኮ ሞት አያበቃም

የስፔን ብሔራዊ ቴሌቪዥን ለረጅም ዓመታት ስላስተላለፈው «ኩዌንታሜ ኮሞ ፓሶ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ከዚህ ቀደም በቀረበው ጽሑፍ፣ ታሪኩ የስፔን አምባገነን መሪ በነበረው በጄኔራል ፍራንኮ ሞት እንደሚያበቃና ተመልካቹም በአንድ ድምፅ እንደወደደው የተገለጸው ትክክል ባለመሆኑ እንደሚከተለው ተስተካክሏል። እ.ኤ.አ. በ2001 መታየት የጀመረው ይህ ድራማ የአልካንታራ ቤተሰብን ኑሮ ከ1968 አንስቶ፣ ፍራንኮ የሞተበትን 1975 ተሻግሮ፣ እስከ 2001 ድረስ ተከትሎ በ2023 ተጠናቋል።

ስለ ተመልካቹ ስሜት ግን ነገሩ ሰፋ ያለ ነው። ቤተሰቡ በአዲሱ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስቦ ስፔናዊቷ ዘፋኝ ማሲየል በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ስታሸንፍ ሲመለከት፣ እናትየው መርሴዲስም ሱሪ እየሰፋች ቤቷን ስትደጉም ያዩ ብዙዎች የወላጆቻቸውን ሕይወት ያገኙበት ሲሆን፣ ሌሎች በአንጻሩ ይኸው የሳሎን ሙቀት የአምባገነኑን ዘመን ጭካኔ ያለዝባል ሲሉ ተችተዋል። ትችቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ሆኖም የቤተሰቡ ታላቅ ወንድ ልጅ ቶኒ በተማሪዎች ተቃውሞ ሳቢያ ሲታሰር የሚያሳይ ድራማ ጭቆናውን ጨርሶ ደብቋል ማለት ከእውነት ይርቃል። የቤተሰቡን ልጅ ካርሎስን ከልጅነቱ ጀምሮ የተጫወተው ሪካርዶ ጎሜዝ ከለቀቀ በኋላ፣ ድራማው ማብቃት በሚገባው ጊዜ አላበቃም ያሉም ነበሩ።